የጓሮ ዶሮዎችን የሆድ ትል ለይቶ ስለ ማከም

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ በሆሞሻ ወረዳ የጓሮ ዶሮ የጨው፣ የሳሙናና የደብተር መግዣ ናት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ወደ አሶሳ አካባቢ ለመጡት ሰፋሪዎችም ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በተቋቋመው የሸርቆሌ መጠለያ ለተቀመጡት ስደተኞች፣ ባዶ እጁን ኑሮ ለሚጀምር ሰው ከላምና ከበሬ አስቀድሞ የሚያዘው ጥሪት ዶሮ ነው። ስለሆነም የዶሮ ጤና ከመልሶ ማቋቋም ሥራ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ዶሮ በታመመች ቁጥር ምክንያቱን ለፈንግል ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ፈንግል መንጋውን በጥቂት ቀናት የሚጨርስ ሲሆን፣ የሆድ ትል ግን ቀስ በቀስ የሚያመነምን ነው። በትል የተያዘች ዶሮ እየበላች ትከሳለች፤ የፍርምባዋ አጥንት ይወጣል፤ ክንፏ ይወድቃል፤ ዕንቁላሏ ይቀንሳል፤ ኩሷም ይቀጥናል። ይበልጥ የሚጎዱት ሦስት ወር ያልሞላቸው ጫጩቶች ናቸው።

እነዚህ ምልክቶች ግን ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ትክክለኛው ምርመራ በሁለት መንገድ ይካሄዳል። አንደኛው፣ ከብዙ ዶሮዎች የተሰበሰበ ትኩስ ኩስ በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ተወስዶ፣ በጨው ውሃ የተንሳፈፈው የትል ዕንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ሁለተኛው፣ የሞተች ወይም የታረደች ዶሮ አንጀት በርዝመቱ ተሰንጥቆ ሲመረመር ነው። በቀጭኑ አንጀት ነጣ ያለና ከ5 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ድቡልቡል ትል ከተገኘ ወስፋት ነው። ጠፍጣፋና ቁርጥራጭ ሰንሰለት የሚመስለው የኮሶ ትል ነው።

ልዩነቱን ማወቅ የሚያስፈልገው መድኃኒቱ የተለያየ በመሆኑ ነው። ፒፐራዚን ወስፋትን ያስወጣል እንጂ ለኮሶ ትል አይሠራም። ፌንቤንዳዞልና አልቤንዳዞል ብዙ ዓይነት ትሎችን ቢያጠቁም፣ መጠኑ እንደ ትሉ ዓይነትና እንደ ዶሮዋ ክብደት ይለያያል። ስለዚህ ለከብት የተዘጋጀውን እንክብል በግምት ቆርሶ መስጠት አይገባም፤ መጠኑንም ሆነ ከሕክምናው በኋላ ሥጋና ዕንቁላል ሳይበላ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው።

መድኃኒት ብቻውን ግን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። የወስፋት ዕንቁላል በሞቀና በረጠበ አፈር ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ለመልከፍ ይደርሳል፤ ኮሶን ደግሞ ጉንዳንና ጢንዚዛ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ በተለይ በክረምት የማደሪያውን ኩስ በየሳምንቱ ጠርጎ ማራቅ፣ ወለሉን ማድረቅ፣ መኖውን በመሬት ላይ ከመበተን ይልቅ በገበቴ ማቅረብና ጫጩቶችን ከትልልቆቹ መለየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ በወስፋት የተጎዳች ዶሮ ከፈንግል ክትባት የምታገኘው መከላከያ ሊዳከም እንደሚችል በጥናት ታውቋል። እንግዲህ ለተቋቋሚ ቤተሰቦች ዶሮ የሚያድል ድርጅት ሁሉ፣ ከዕደላው አስቀድሞ የኩስ ምርመራ ቢያስደርግ የሰጠው ጥሪት በክረምቱ ከመጥፋት ይድናል።