የመኪና የላስቲክ ቡሽ፦ ጠንካራ ሁሉ የተሻለ ነውን?

ለመሆኑ አንዲት አነስተኛ የቤት መኪና በኮብልስቶን መንገድ ላይ ስትጓዝ ከሥሯ የሚሰማው «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከየት ይመጣል? ብዙ ባለንብረቶች ጥፋቱን በሾክ አብዞርበሩ ላይ ያሳብባሉ። ይሁን እንጂ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከጡጫ የማይበልጥ የላስቲክ ቡሽ ሆኖ ይገኛል። ቡሹ መለወጥ እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ በቀድሞው ዓይነት ላስቲክ ይተካ ወይስ ይበልጥ ጠንካራ በሆነው ፖሊዩሬቴን?

የቡሹ ተግባር

በከተሞቻችን በብዛት የምትታየውን ቶዮታ ቪትዝ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የፊት እግሯ የታችኛው ክንድ በአንድ ጫፉ የጎማውን መያዣ ይደግፋል፤ በሌላው ጫፉ በቡሾች አማካይነት ከመኪናዋ አካል ጋር ይያያዛል። የተለመደው ቡሽ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ብረት በብረት ላይ አይንሸራተትም፤ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል፣ ተመልሶም ይፈታል። ስለዚህ ግራሶ አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ ከመንገዱ የሚመጣውን ንዝረት ከፊሉን ወደ ሙቀት በመለወጥ ያበርደዋል።

ላስቲክ ለምን ያረጃል?

ላስቲክ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስብስብ ነው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 እንደደረሰበት፣ ከድኝ ጋር ሲሞቅ በሰንሰለቶቹ መካከል ድልድዮች ይፈጠራሉ፤ የመለጠጥና የመመለስ ችሎታውም ይጸናል። ነገር ግን ኦክስጅን፣ ኦዞንና ሙቀት ሰንሰለቶቹን ቀስ በቀስ ያጠቃሉ። ከሞተር የሚንጠባጠብ ዘይትም ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋልም። ውጤቱ ስንጥቅ ወይም ከብረቱ መላቀቅ ነው።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ

ክብደቷ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰከንድ ካሬ 6 ሜትር ፍጥነቷን ስትቀንስ የሚያስፈልገው የፍሬን ኃይል 6,000 ኒውተን ነው። ከዚህ 70 በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ ቢያርፍ፣ ለእያንዳንዱ ጎማ 2,100 ኒውተን ይደርሳል። ለማቅለል ያህል ይህ ኃይል በአንድ ቡሽ ላይ ይረፍ እንበል። ቡሹ ለአንድ ሚሊ ሜትር 700 ኒውተን የሚጠይቅ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ይገፋል። አርጅቶ ጥንካሬው ወደ አንድ ሦስተኛ ቢወርድ ግን 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ በአንድ ወገን ብቻ ሲደርስ የጎማው አቅጣጫ ይዛባል፤ መኪናዋም ሾፌሩ ፍሬን በያዘባት ቅጽበት ወደ አንድ ጎን ትስባለች። እንግዲህ ጉዳዩ የድምፅ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ነው።

ፖሊዩሬቴን ምን ይሰጣል? ምንስ ይወስዳል?

ፖሊዩሬቴን ዘይትንና ኦዞንን ከተፈጥሮ ላስቲክ በተሻለ ይቋቋማል፤ በኃይልም ብዙ አይገፋም። በመሆኑም መሪው ፈጥኖ ይታዘዛል። ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ ከብረቱ ጋር አይጣበቅም፤ የሚሠራው በመጠምዘዝ ሳይሆን በመንሸራተት ነው። ስለሆነም ተስማሚ ቅባት ይፈልጋል፤ አቧራና ጭቃ ሲገባበት ይጮኻል። ንዝረትንም ወደ መኪናዋ አካል በይበልጥ ያሳልፋል።

የኋላ እግር ሁኔታ ደግሞ የተለየ ነው። የቪትዝ ግራና ቀኝ የኋላ ጎማዎች በአንድ ተጠማዛዥ አግዳሚ ብረት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ቡሹ መዞር ብቻ ሳይሆን መዘንበልም ይኖርበታል። ለስላሳው ላስቲክ ይህን ይፈቅዳል፤ ጠንካራው ቁስ ግን እንቅስቃሴውን ሊያግድ ይችላል። በአንጻሩ በኩርባ ላይ የመኪናዋን ማዘንበል የሚቀንሰው ዘንግ በቡሹ ውስጥ በአመዛኙ መዞር ብቻ ስለሚያደርግ ለፖሊዩሬቴን የተመቸ ቦታ ነው።

ሲለወጥ ሊዘነጉ የማይገባቸው ነጥቦች

1. ቡሾች በግራና በቀኝ በአንድነት ይለወጡ።
2. መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነሥታ ማንም ከሥሯ አይግባ፤ ጽኑ መደገፊያ ይደረግላት።
3. የላስቲክ ቡሽ ብሎን የመጨረሻው ጥብቀት የሚሰጠው እግሩ የመኪናዋን ክብደት ተሸክሞ በተለመደው ከፍታው ሲገኝ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ከታሰረ ላስቲኩ መኪናዋ በቆመችበት ሁሉ ተጠምዞ ይኖራል፤ አዲስ ሳለም ይቀደዳል።
4. በመጨረሻም የጎማ አላይመንት ይስተካከል።

ከላይ እንደተመለከትነው የአንድ ቁስ ብልጫ በጥንካሬው ብቻ አይለካም፤ ከሚጠበቅበት እንቅስቃሴ ጋር መስማማቱ ዋነኛው መመዘኛ ነው። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ደረጃውን የጠበቀ የላስቲክ ቡሽ በትክክለኛው መንገድ ከታሰረ፣ ያለ አግባብ ከተገጠመ ውድ ቡሽ ይበልጣል።