ሰነድ ለማንበብ ሁለት ሞኒተር፦ ከአንድ ስህተት የተማርኩት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። አባባሉ ለጋዜጠኛ የተነገረ ባይሆንም ለእኛ ሙያ ልክክ ብሎ ይገጥማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን ኮምፒውተር ከሁለተኛ ሞኒተር ጋር አገናኝቶ ሰነድን በጥንቃቄ ማንበብ እንዴት እንደሚቻል ለክፍል ጓደኞቼ ማሳየት ነው። ወደ ኬብሉና ወደ ቁልፉ ከመግባቴ በፊት ግን ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ነገሩን የጀመርኩት ከቴክኖሎጂ ፍቅር ሳይሆን ከሃፍረት ነው።

ስህተቱ እንዴት ተፈጠረ?

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ስለ አንድ የሴቶች ቁጠባና ብድር ማኅበር ዘገባ ሠርቼ ነበር። በእጄ የነበረው ሰነድ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ የተቀመጠ የሂሳብ ምርመራ ሪፖርት ነው። ሰንጠረዡ ሦስት ዓምዶች አሉት፦ የተፈቀደ፣ ወጪ የሆነ እና ያልተወራረደ። ፊደሉ እንዲነበብልኝ ሳጎላው በላፕቶፔ ስክሪን ላይ የሚታየው የገጹ ግማሽ ብቻ ነው። ወደ ታች ስወርድ የዓምዶቹ ርዕስ ወደ ላይ አልፎ ይጠፋል። ቁጥሩን አየሁ፤ ኦልትና ታብ ተጭኜ ወደ ጽሑፌ ተመለስኩ፤ በጭንቅላቴ የያዝኩትን ጻፍኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። «ወጪ የሆነ» ከሚለው ሥር ያለውን 48,500 ብር «ያልተወራረደ» ብዬ አሰፈርኩት። ትክክለኛው ያልተወራረደ ሂሳብ 4,850 ብር ነበር።

ዘገባው በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ተለጠፈ። በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ግቢ ድረስ መጡ። በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። አልጮኹም። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የሰው ብር በልታለች ነው ያልሽው?» ብቻ አሉኝ። ማረሚያ እንደምናወጣ ስነግራቸው ደግሞ «ያንን ያነበበ ሁሉ ይህንንም ያነበዋል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ማረሚያው በማግስቱ ወጣ፤ ጥያቄያቸው ግን እስካሁን አብሮኝ አለ።

ያን ዕለት ማታ ስህተቱን ስመረምር ሁለት ምክንያት አገኘሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩን ያነበብኩት የዓምዱን ርዕስ ሳላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስሻገር ቁጥሩን በትዝታ ተሸክሜው ነው። ሙሉው ገጽ በአንድ በኩል፣ ጽሑፌ በሌላ በኩል ሆነው በአንድ ጊዜ ቢታዩኝ ኖሮ ሁለቱም ምክንያቶች ባልኖሩ ነበር።

ለእኛ ለምን ይበልጥ ያስፈልገናል?

«ለምን ኮፒ አድርገሽ አልለጠፍሽውም?» ያለችኝ ጓደኛ ነበረች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ነገር ግን ስካን የተደረገ ሰነድ ፎቶግራፍ ስለሆነ ከውስጡ ፊደል መርጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ቃል ፈልጎ ማግኘትም እንዲሁ። በኮምፒውተር በቀጥታ የተጻፈም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ የአማርኛ ሰነዶች እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ተጽፈዋል። ዩኒኮድን ባልተከተለ ፎንት ከተጻፈ ፋይል ኮፒ ስናደርግ የሚወጣልን ብዙ ጊዜ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ በዓይን እያዩ መጻፍ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ነጋሪት ጋዜጣ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይታተማሉ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅን ብናይ በአማርኛው ዓምድ ቁጥር 1238/2013 ሲሆን በእንግሊዝኛው 1238/2021 ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የተለያየው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ግማሽ ገጽ ብቻ እያየ የሚጽፍ ተማሪ ሁለቱን በቀላሉ ያምታታል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ቢገኝ የበላይነት ያለው የአማርኛው ነው። እንግዲህ ይህን ለማመሳከር ሁለቱም ዓምዶች ሳይቆረጡ መታየት አለባቸው።

ምን ዓይነት ሞኒተር?

አዲስና ውድ ሞኒተር አያስፈልግም። እኔ የምጠቀመው ታላቅ ወንድሜ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ሲዘጋ አልጋ ሥር ያስቀመጣትን ባለ 17 ኢንች፣ ወደ አራት ማዕዘን የምታደላ የድሮ ኤልሲዲ ነው። ለፊልም አትመችም፤ ለሰነድ ግን ከብዙ ሰፋፊ ሞኒተሮች ትሻላለች። ምክንያቱን በማስመሪያ ለኬ አረጋግጫለሁ። የስክሪኗ ስፋት 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቷ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤ4 ወረቀት ደግሞ 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ታዲያ ሞኒተሯ በጎኗ ስትቆም ቁመቷ 34፣ ስፋቷ 27 ይሆናል። አንድ ሙሉ ኤ4 ገጽ በትክክለኛ መጠኑ ገብቶ ትርፍ ቦታ ይቀራል ማለት ነው።

እግሯ የሚዞር አልነበረም። ግን ከብዙ ሞኒተሮች ጀርባ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተሰሩ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። የሰፈራችን አናጺ በእነርሱ ላይ ከጣውላ እግር ሠራልኝ። እንዲህ የምታደርጉ ከሆነ የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን እንዳትደፍኑ፤ ብሎኑም ረዝሞ ውስጡን እንዳይወጋ ተጠንቀቁ።

አገጣጠሙ

መጀመሪያ ከላፕቶፑና ከሞኒተሩ ጀርባ ያሉትን መሰኪያዎች እዩ። ባለ 15 ፒኑ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነውና በሁለት ብሎን የሚጠብቀው ቪጂኤ ነው። ጠፍጣፋውና ብሎን የሌለው ኤችዲኤምአይ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ብቻ፣ ሞኒተሯ ቪጂኤ ብቻ ስለነበራቸው አዳፕተር ገዛሁ። እዚህ ላይ የእኔን ገንዘብ የበላውን ስህተት አትድገሙ። አዳፕተሩ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠውና ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ተቃራኒውን ነበር። ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ካለው ሁለቱንም ኬብሎች እዚያው ካርዱ ላይ ሰኩ።

ቀጥሎ የዊንዶውስ ቁልፍን ከፒ ጋር ተጫኑ። አራት ምርጫዎች ይመጣሉ። ዱፕሊኬት አንዱን ምስል በሁለቱም ላይ ስለሚደግም ለእኛ አይጠቅምም፤ የምንፈልገው ኤክስቴንድ የሚለውን ነው። ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ በማውዝ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ግቡ። አንድና ሁለት የሚሉ ሳጥኖች ታያላችሁ። ሞኒተሩ ጠረጴዛው ላይ በግራ ከሆነ ሳጥኑንም ጎትታችሁ በግራ አድርጉት፤ አለዚያ ማውዙ ግድግዳ የገጨ ይመስል በአንዱ ጠርዝ ላይ ይቆማል። በጎኑ የቆመውን ሞኒተር መርጣችሁ ፖርትሬት በሉት። ጽሑፉ ተዘቅዝቆ ከመጣ የተገለበጠውን ፖርትሬት ምረጡ። ሬዞሉሽኑ የሞኒተሩ የራሱ መሆን አለበት፤ ለእኔዋ 1280 በ1024 ሲሆን ስትቆም 1024 በ1280 ይሆናል። በቪጂኤ ምስሉ ወደ ጎን ከሸሸ ወይም ከደበዘዘ ሞኒተሩ ላይ ያለውን አውቶ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ሞኒተር በጎን ሲቆም የፊደል ጠርዝ ጥራት ትንሽ ሊቀንስ ስለሚችል በስታርት ሜኑ ክሊርታይፕ ብላችሁ ፈልጋችሁ ለዓይናችሁ የሚስማማውን ምረጡ።

አሠራሩ

ሰነዱን በቆመው ሞኒተር ላይ፣ ጽሑፉን በላፕቶፑ ላይ አድርጉ። መስኮትን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገር የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ሺፍትንና የአቅጣጫ ቀስትን አብሮ መጫን ይበቃል። በአዶቤ ሪደር ኮንትሮልና 0 ሙሉውን ገጽ ያሳያል፤ ኮንትሮልና 1 ደግሞ በትክክለኛ መጠኑ። ሁለቱ ስክሪኖች ተቀራራቢ ብርሃን ይኑራቸው። የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ከፍታ በላይ አይሁን፤ ርቀቱም አንድ ክንድ ያህል ይሁን። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሞኒተሩ ግን ይጨልማል። የሰነዱ መስኮት እዚያ ከቀረ በእነዚያው ሦስት ቁልፎች መልሱት።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም ስህተት መሥራት ይቻላል። እኔ አሁን የምከተለው ልማድ ይህ ነው፦ ቁጥር ስጽፍ በመጀመሪያ የዓምዱን ርዕስ፣ ቀጥሎ የረድፉን ስም፣ መጨረሻ ቁጥሩን ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ። ከጻፍኩ በኋላ ዓይኔን ከጽሑፌ ወደ ሰነዱ መልሼ ከቁጥሩ ተነስቼ ወደ ርዕሱ እወጣለሁ። ስም ያለበት ዓረፍተ ነገር ከሆነ ሁለት ጊዜ አደርገዋለሁ። የዶርም ጓደኞቼ እንደ ዳዊት ደጋሚ ታጉረመርሚያለሽ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ማጠቃለያ

ሁለተኛ ሞኒተር ሰውን ጠንቃቃ አያደርግም። ጠንቃቃ ለመሆን ለሚፈልግ ሰው ግን ሥራውን ያቀልለታል፤ ምክንያቱም ትዝታው እንዲሸከም ያደርገው የነበረውን ዓይኑ እንዲያየው ያደርጋል። አሮጌ ሞኒተር በየቤቱ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የሌለው ተማሪ ደግሞ ገጹን አሳትሞ ከኪቦርዱ አጠገብ ቢያቆመው ያው ሥራ ይሠራለታል፤ ዋናው ነገር ምንጩና ጽሑፉ ሳይነጣጠሉ በአንድ ጊዜ መታየታቸው ነው።

በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ሌላ ዘገባ ይዤ ወደዚያው ማኅበር ሄጄ ነበር። ገንዘብ ያዥዋ ሰነዱን ሰጡኝና «አሁንስ በደንብ ይታይሻል?» አሉኝ። «ሙሉ ገጹ ይታየኛል፣ እማማ» አልኳቸው። ከማውጣቴ በፊት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እርሳቸውም መዝገባቸውን ከፍተው በጣታቸው እየተከተሉ አዳመጡኝ።