ሰሙን መዳሰስ፦ ምስልና የስሜት ሕዋሳት ቋንቋ በታዳጊ ተማሪዎች የግጥም ትምህርት

ግጥም ለታዳጊ ተማሪዎች ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደሙ ጉዳት አለው። ተማሪው ምክሩን ይዞ ግጥሙን ይለቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በግጥም ውስጥ ምስል ከመልእክት በፊት ሊስተዋል የሚገባው ለምን እንደሆነ ማሳየት ነው።

ለዚህ ልማድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሰምና ወርቅ ትውፊት ራሱ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አንጥረኛው በመጀመሪያ ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙን አቅልጦ ካወጣ በኋላ ወርቁን ያፈሳል። ወርቁ ቅርጹን የሚያገኘው ከሰሙ ነው። በግጥምም ሰሙ የሚታየው፣ የሚሰማውና የሚዳሰሰው ነገር ነው።

የሰሜን ሸዋ ተወላጅ የሆኑት ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተሰኘው ሥራቸው ምክርን በምሳሌያዊ ታሪክ አልብሰው በግጥም አቅርበዋል። መጽሐፉ ለትውልዶች በትምህርት ቤት ሲነበብ የኖረ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በምክሩ ብቻ ከተጠና ታሪኩ እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠራል።

ልዩነቱን ለማሳየት ለዚሁ ጽሑፍ የተዘጋጁ ሁለት ጥንድ ስንኞችን ማነጻጸር ይቻላል።

የእናት ፍቅር ታላቅ ከሁሉ የሚበልጥ፣
በምንም አይለካ በምንም አይለወጥ።

ባናውን ለልጇ ደርባ በውርጭ ሌት፣
እፍ እፍ ስትል ነጋ ከኩበቱ ፍም ፊት።

ሁለቱም በምጣኔና በቤት መምቻ የተሟሉ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ፍርድን ይነግራል። በሁለተኛው «ፍቅር» የሚል ቃል የለም፤ የባናው ክብደትና የውርጩ ቁር በቆዳ፣ የፍሙ ቅላት በዐይን፣ የኩበቱ ጢስ በአፍንጫ፣ «እፍ እፍ» በጆሮ ይደርሳሉ። ፍርዱን የሚሰጠው ተማሪው ራሱ ነው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ልዩ ዐቅም አለው። «ሽው አለ»፣ «ኮሽ አለ»፣ «ቦግ አለ»፣ «ጭል ጭል አለ» የሚሉት አገላለጾች ድምፅን፣ ብርሃንንና እንቅስቃሴን በአጭሩ ይቀርጻሉ። ታዳጊዎች በዕለት ንግግራቸው ስለሚያውቋቸው ግጥም ለመጻፍ ሲጀምሩ ቅርብ መሣሪያ ይሆኗቸዋል።

ይሁን እንጂ ምስል በአንባቢው ልምድ ላይ ይመሠረታል። የደብረ ብርሃን ተማሪ ውርጭን በጠዋት መንገዱ ያውቀዋል። የአንኮበር ተማሪ ጉም ገደሉን ሲሸፍንና ሲገለጥ፣ በስተ ምሥራቅም የአፋርን ቆላ ቁልቁል ያያል። በዚያው ዞን በሸዋ ሮቢት ቆላ ላደገ ተማሪ ግን «የውርጭ ሌሊት» ፍቺው ቢታወቅ እንኳ ስሜቱ ሩቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መምህሩ የቃሉን ፍቺ ሰጥቶ ከማለፍ ይልቅ ተማሪው በሚያውቀው ሐሩር ተመሳሳይ ስንኝ እንዲሠራ ቢጠይቀው የምስሉን አሠራር ያስተምረዋል።

ስለዚህ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ቢለወጥ ይበጃል፦ በመጀመሪያ «ምን ይታያል? ምን ይሰማል? ምን ይሸታል? ምን ይቀምሳል? ምን ይዳሰሳል?»፤ ቀጥሎ «ከእነዚህ አንዱ ቢወጣ ግጥሙ ምን ያጣል?»፤ በመጨረሻም «መልእክቱ ምንድን ነው?»። በዚህ መንገድ የተገኘ መልእክት ከመምህሩ የተቀበሉት ሳይሆን ተማሪዎቹ ከስንኞቹ ያወጡት ይሆናል።