«ተስፋ የተጣለበት» ማለት ምን ማለት ነው? የአሮን ጀጅ ምሳሌ

ስለ ወጣት ስፖርተኛ ስንጽፍ «ተስፋ የተጣለበት» የምትለዋ ሐረግ በቀላሉ ከብዕራችን ትወጣለች። ግን ተስፋውን የጣለው ማን ነው? ምንስ አይቶ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል በኩል ለማየት እሞክራለሁ። ቤዝቦልን የመረጥኩት መልማዮቹ ግልጽ መለኪያ ስላላቸው ነው።

መልማዩ ወይም ስካውቱ የውጭ ሜዳ ተጫዋችን ሲያይ አምስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ኳስን በዱላ የማግኘት ችሎታ፣ አርቆ የመምታት ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ኳስ አሳዶ መያዝ እና የመወርወር ክንድ። ለእያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣል፤ 50 የትልቁ ሊግ መካከለኛ ደረጃ ነው። ዋናው ነገር ግን ነጥቡ ሁለት መሆኑ ነው፤ አንዱ ተጫዋቹ ዛሬ ላለበት፣ ሌላው ነገ ሊደርስበት ለሚችለው።

ቦታውም ይታያል። መሀል የሚቆመው ሰፊ መሬት ስለሚሸፍን ፈጣን መሆን አለበት። ቀኝ የሚቆመው ወደ ሦስተኛው ቤዝ ረጅም ውርወራ ስለሚጠብቀው ጠንካራ ክንድ ይፈልጋል። ግራ የሚቆመው ደግሞ በዱላው ካልካሰ ቦታ ማግኘቱ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንምጣ። አሮን ጀጅ በካሊፎርኒያው ፍሬስኖ ስቴት የመሀል ተጫዋች ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮሌጆችን የሆም ረን ውድድር አሸነፈ። በዚያው ዓመት በመደበኛ ጨዋታ ያስቆጠረው ሆም ረን ግን 4 ብቻ ነው! ነገሩ ምን መሰላችሁ? በውድድሩ ኳሱ የሚወረወርለት እንዲመታው ተብሎ ነው፤ በጨዋታ ግን ወርዋሪው ሊያታልለው ይፈልጋል። ስካውቶች የመጀመሪያውን ጥሬ ጉልበት፣ ሁለተኛውን የጨዋታ ጉልበት ብለው ለየብቻ ይመዝኑታል። በ2013 ሆም ረኑ 12 ደረሰ።

ጥርጣሬው ግን አልጠፋም። ረጅም ሰው ወርዋሪው ሊያነጣጥርበት የሚችለው ቦታ ሰፊ ነው፣ እጁም ረጅም ስለሆነ ዱላው ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ ኳስ እየሳተ ብዙ ጊዜ ይወጣል ተብሎ ተሰጋ። በ2013ቱ ድራፍት ኒውዮርክ ያንኪስ የወሰደው በ32ኛነት ነው። ራሱ ያንኪስ እንኳ 26ኛው ምርጫ ላይ ሌላ ተጫዋች አስቀድሞ ነበር።

ከዚያስ? በ2016 ትልቁ ሊግ ሲገባ ከ84 የመምታት ዕድሎች በ42ቱ በስትራይክ አውት ወጣ፤ ልክ ግማሹ። በ2017 ደግሞ 52 ሆም ረን መትቶ በወቅቱ የጀማሪዎችን ክብረ ወሰን ያዘ። በዚያው ዓመት 208 ጊዜ በስትራይክ አውት መውጣቱንም አንርሳ። በ2022 በ62 ሆም ረን የአሜሪካን ሊግን ክብረ ወሰን ሰበረ።

እንግዲህ ተጠራጣሪዎቹ ያዩት ድክመት እውነት ነበር እኮ! የሳቱት ድክመቱን ሳይሆን ሚዛኑን ነው፤ ጉልበቱና ትዕግሥቱ ስትራይክ አውቱን እንደሚክሱት አላመኑም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ ሦስት ነገር አገኛለሁ። አንደኛ፣ «ተስፋ ተጥሎበታል» ካልን ማን እንዳለው እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ዛሬ የሠራውንና ነገ ይሠራል የተባለውን አንቀላቅል። ሦስተኛ፣ ቁጥር ስንጠቅስ በማን ላይና በምን የተገኘ እንደሆነ እንጠይቅ፤ የኮሌጅ ተጫዋች የሚመታው በብረት ዱላ ነው፣ ፕሮፌሽናሉ በእንጨት።

የአራት ዓመት ኮሌጅ ተጫዋች ለድራፍት የሚቀርበው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ይኸውም የእኔና የብዙዎቻችሁ ዕድሜ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ «አይሆንም» ወይም «ኮከብ ነው» ተብሎ የተጻፈብን ቃል ለዓመታት ሊከተለን ይችላል። ስለዚህ ብዕራችንን ከማንሳታችን በፊት እንመዝን።