የቤት መሠረት ቀዳዳና አደፋፈኑ
(ለሠልጣኞች የቀረበ የተግባር ትምህርት)

አይጥ ቤት ገባች ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ድመትና መርዝ ነው። ይሁን እንጂ ድመቷ ብታድንም፣ መርዙ ቢሠራም፣ መግቢያው ክፍት እስከሆነ ድረስ የሞተችውን የምትተካ ሌላ ከማሳ ትመጣለች። አይጥ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ አርግዛ በአንድ ጊዜ ብዙ ልጆች ስለምትወልድ በመግደል ብቻ አንቀድማትም። መርዙም ቢሆን ለሕፃናትና ለቤት እንስሳት አደገኛ ነው። ሠልጥነን ወደ ገጠር ስንመደብ የምንከራየው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የጭቃ ቤት ነው። በመሆኑም የወር ቀለባችንና መጻሕፍታችን የሚተርፉት መግቢያውን መዝጋት ስናውቅ ነው።

ሀ. ቀዳዳው ከየት ይመጣል?

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፎገራ ሜዳ አጠገብ ትገኛለች። በሜዳው ላይ በሰፊው የሚገኘው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል። በላዩ ያረፈው መሠረትም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚህ የተነሣ በቋሚው ሥርና በድንጋዩና በጭቃው መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ይፈጠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቆርቆሮ የሚወርደው ፍሳሽ ነው፤ የግድግዳውን እግር ይሸረሽራል። ሦስተኛው ምስጥ ነው፤ መሬት ውስጥ የተተከለውን ቋሚ ከሥሩ በልቶ ባዶውን ይተወዋል። ለቤት በጣም ተጠግቶ የተተከለ ባሕር ዛፍም የአፈሩን እርጥበት እየመጠጠ ንቃቃቱን ያብሳል።

እንግዲህ መንስኤውን ሳይፈልጉ ቀዳዳውን ብቻ መምረግ ለአንድ በጋ ነው። «ባለፈው ዓመት መርጌው ነበር፤ ምነው እንደገና ተከፈተ?» የሚባለው ለዚህ ነው።

ለ. ምን ያህል ቀዳዳ ይበቃታል?

6 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ፣ ለትንሿ የቤት አይጥ ይበቃታል። አውራ ጣት የሚያስገባ ከሆነማ ትልቋም ትገባለች። እባብም አይጧን ተከትሎ በዚያው ይመጣል። ስለዚህ «ይቺ እንኳ ምንም አታስገባ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ቀዳዳው የሚሠራበት መሆኑን ለማወቅ ማታ በጭድ ወይም በወረቀት ወተፍ አድርጎ፣ ከፊቱ አመድ ነስንሶ ማደር ነው። ጠዋት ውታፉ ተገፍቶ፣ አመዱም ላይ የእግር ዱካ ታይቶ ከተገኘ አይጧ እየተመላለሰችበት ነው።

ሐ. የሥራው ቅደም ተከተል

1. ውሃውን ማራቅ። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ ፍሳሹን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ ይቀደዳል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ «እማማ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይቺን ቦይ ልቅደዳት?» ብሎ ማስፈቀድ ነው፤ እምቢ የሚሉም አይመስለንም።

2. ዙሪያውን ማጽዳት። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ድረስ የማገዶ ክምርና ረጅም ሣር አይኑር። አይጥ ገላጣ ቦታ ማቋረጥ አትወድም።

3. በጠንካራ ነገር መሙላት። የአይጥ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ስትቀረጥፍ ትኖራለች። እንጨት፣ ጨርቅና ባዶ ጭቃ አያግዷትም። ስለዚህ አስቀድሞ የድንጋይ ፍንካች፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ወይም የተቀደደ የዘይት ጣሳ በደንብ ይጠቀጠቃል።

4. መምረግ። የድንጋይ መሠረት ከሆነ 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ ይበቃል። ለጭቃው ግድግዳ የሚሻለው ቀይ አፈር ነው፤ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ጥቂት ቀናት ሰንብቶ፣ እንደገና ይረገጥ።

ምርጊቱ የሚሠራው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ክረምቱ ስለወጣ ይደርቃል፤ አዝመራው ተሰብስቦ ሳያልቅ ስለሆነም የማሳ አይጥ ምግብ አጥታ ወደ ቤት ሳትዞር እንቀድማታለን። ዋልካው ሲደርቅ አዲስ ክፍተት ስለሚወጣ በየካቲት እንደገና ዙሮ ማየት ያስፈልጋል።

መ. መድፈን የማይበቃበት

በ1997 ዓ.ም. በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ታወቀ። በሽታው መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ ንቃቃት ውስጥ ትጠለላለች፤ በብዛት የምትናከሰውም ከቤት ውጭ ነው። በመሆኑም መሠረቱ ቢደፈንም ደጅ ማደርን መተውና ቀዳዳው ጠባብ የሆነ አጎበር መጠቀም ያስፈልጋል። ብዙ ቀን የቆየ ትኩሳት ያለበት ተማሪ ሲገኝ ደግሞ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

አንድ ጣሳና ጥቂት ጭቃ የሚያድነውን እህል፣ ቆይቶ አንድ ኩንታል መግዛት አይተካውም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።

መልመጃ

1. የምትኖሩበትን ቤት ወይም የትምህርት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት በእርሳስ እየለካችሁ ዙሩ፤ የተገኙትን ቀዳዳዎች በንድፍ አመልክቱ።

2. እያንዳንዱ ቀዳዳ ከአፈር፣ ከፍሳሽ ወይስ ከምስጥ የመጣ ነው? ምልክቱን ጻፉ።

3. ይህን ትምህርት ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች በ40 ደቂቃ ለማስተማር ምን መርጃ መሣሪያ ታዘጋጃላችሁ?