ስፖንጅ ወይስ ስፕሪንግ? ለፍራሽ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከዘነበወርቅ ተነሥተው ወደ ጦር ኃይሎችም ይሂዱ ወደ አየር ጤና፣ ፍራሽ ቤት ሲገቡ የሚቀበልዎ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስፖንጅ ነው ስፕሪንግ?» ጥያቄው አጭር ስለሆነ መልሱም አጭር ይመስላል። አቅም ያለው ስፕሪንግ፣ የሌለው ስፖንጅ። ይህ አከፋፈል ለሻጩ ይመቻል፤ ለጀርባዎ ግን ብዙም አይጠቅምም። ጥሩ ስፖንጅ ርካሽ ስፕሪንግን በምቾትም በዕድሜም ይበልጣል። ለውጥ የሚያመጣው ጨርቁ ውስጥ የታሸገው ነገር፣ ከሥሩ ያለው አልጋና ፍራሹ የሚያድርበት ቤት ነው። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የሚባለውም እዚህ አይሠራም፤ ዓይን የሚያየው አበባ ያለበትን ጨርቅ ብቻ ነውና።

ስለዚህ እነዚህን ይዘው ይሂዱ።

ከቤት ሳይወጡ

• አልጋዎን ለክተዋል? «ሜትር ከሃያ ነው» ብቻ አይበቃም። ስፋቱንም ርዝመቱንም ከውስጥ በኩል ይለኩ፤ ርዝመቱ 1.90 ነው ወይስ 2 ሜትር? ልብ ይበሉ፦ አናጺ ያሠሩት አልጋ ከፋብሪካ ልክ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊዛነፍ ይችላል። ስፖንጅ ቢተርፍ ይቆረጣል፤ ስፕሪንግ አይቆረጥም።

• ርብራቡ ምን ያህል የተራራቀ ነው? በጣውላና በጣውላ መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ወይም ከ8 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ስፖንጁ በክፍተቱ ውስጥ እየገባ ይጎብጣል። በጠፍር አልጋና በላላ የሽቦ አልጋ ላይ ደግሞ ስፕሪንግ ባይሞክሩ ይሻላል፤ የሚፈልገው ጠፍጣፋና የማይበገር መደገፊያ ነው። ሻጩ ስለ አልጋዎ ሳይጠይቅ ይሸጥልዎታል፤ ፍራሹ ሲጎብጥ ግን «ጥፋቱ የአልጋው ነው» ይላል። ያኔ ትክክል ሊሆን ስለሚችል ነው አስቀድሞ ማየቱ የሚጠቅመው።

• ቤቱ እርጥበት ይስባል? የጭቃ ቤት ከሆነ፣ ወይም ፍራሹ ሲሚንቶ ወለል ላይ በፕላስቲክ ምንጣፍ ብቻ የሚነጠፍ ከሆነ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሥሩ ይሻግታል። ሁለቱም ዓይነት ይሻግታል፤ በስፕሪንጉ ላይ ዝገት ይጨመርበታል። ከፍራሹ በፊት ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ርብራብ ቢገዙ ገንዘብዎን አያባክኑም።

• በዓመት ስንት ጊዜ ቤት ይቀይራሉ? ተከራይ ከሆኑ ይህን በቁም ነገር ያስቡበት። ስፖንጅ ከተጠቀለለ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ስፕሪንግ ከታጠፈ ዳር ዳሩን የያዘው ሽቦ ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ ጠርዙ ቀጥ አይልም። በሩን፣ መተላለፊያውንና የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መታጠፊያ ሳይለኩ ባለ 1.80 ስፕሪንግ አይዘዙ።

ስፖንጅ ሲያዩ

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

• «ደንሲቲው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህ ቁጥር አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይናገራል። በየሌሊቱ ለሚተኛበት ጎልማሳ ከ25 በታች ባይወርዱ ጥሩ ነው፤ ከ80 ወይም ከ90 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው 30 እና ከዚያ በላይ ይፈልጉ። ከ20 በታች የሆነው ለእንግዳ መኝታ ወይም ለመደገፊያ ይሁን። ልብ ይበሉ፦ «ሃያ ነው» ሲልዎ ደንሲቲውን ነው ወይስ ውፍረቱን በሴንቲ ሜትር? ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚቀራረቡ መደናገሩ ለሻጩ አይከፋውም።

• በእጅዎ ተጭነው «ጠንካራ ነው» አይበሉ። ጥንካሬና ደንሲቲ የተለያዩ ናቸው። ፋብሪካ ቀላል ስፖንጅን ጠጣር አድርጎ ማምረት ይችላል፤ ሱቅ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ይሰማዎታል፣ ጥቂት ወራት ሲተኙበት ግን ዳሌዎ ያረፈበት ቦታ ይሰምጣል።

• ያስመዝኑት። የተጻፈውን ቁጥር ከማመን ሒሳቡን ይሥሩ። 1.90 በ1.20 የሆነና 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፍራሽ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ደንሲቲው በእርግጥ 25 ከሆነ ስፖንጁ ብቻውን 11 ኪሎ ተኩል ገደማ መመዘን አለበት፤ 15 ከሆነ ወደ 7 ኪሎ ይወርዳል። ፍራሹን አቅፈው ሚዛን ላይ ይቁሙና የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። ሚዛን ከሌለ በየመንገዱ ሰው የሚመዝኑት ልጆች አሉ፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ጨርቁም የራሱ ክብደት ስላለው ጥቂት ይቀንሱለት።

• ከባድ ሁሉ ጥሩ አይደለም። በስፖንጅ ሥራ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የመሰለ ማሟያ እየጨመሩ ክብደት ማብዛት የታወቀ ዘዴ ነው። ክብደቱ ይጨምራል፣ ዕድሜው ያጥራል። ዚፑን አስከፍተው ስፖንጁን በጣትዎ ፈተግ ያድርጉት፤ ዱቄት ከያዘ ወይም ከተፈረፈረ ይተዉት። ዚፕ የሌለው ከሆነ «የዚህኑ ስፖንጅ ቁራጭ አሳዩኝ» ይበሉ። ቁራጭ ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

• ውስጡ አንድ ወጥ ነው? ቀለሙ ዝንጉርጉር ከሆነ ከቁርጥራጭ ስፖንጅ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው። ይህ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ጠጣርና ከባድ ስለሆነ ከሥር ቢሆን ይጠቅማል። ወጥመዱ በወጥ ስፖንጅ ዋጋ ሲሸጥልዎ፣ ወይም ከላይ በኩል ሆኖ ሲጎረብጥዎ ነው።

• «ሜሞሪ ፎም» ከተባሉ ንብርብሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ይህ ስፖንጅ እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ የአውሮፕላን ወንበር ተብሎ የተፈለሰፈ ነው፤ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይጠጥራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ገና ሲጋደሙ እንደ ጣውላ ይቀበልዎታል፤ እስኪሞቅ ድረስ መታገሥ ነው። ከላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ አልብሰው በሙሉ ስሙ እንዳይሸጡልዎ።

• እሳት። ስለዚህ ማንም ሻጭ አይነግርዎትም። ስፖንጅ አንዴ ከተያያዘ በፍጥነት ይነድዳል፤ ጭሱ ውስጥም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ አለ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ራስጌ የሚለጥፉ፣ ወይም አልጋው አጠገብ የዕጣን ማጨሻና የከሰል ምድጃ የሚያስቀምጡ ከሆነ ልማዱን ይተዉ። በስፕሪንግ ፍራሽም ላይ ከላይ የሚለበሰው ስፖንጅ ስለሆነ ስፕሪንግ በመግዛት አያመልጡትም።

ስፕሪንግ ሲያዩ

• እርስ በርሱ የተያያዘ ነው ወይስ እያንዳንዱ በከረጢት የተሰፋ? የተያያዘው ይረክሳል፤ ባልዎ ሲገላበጥ እርስዎም ይነቀነቃሉ። በከረጢት ያለው ለየብቻው ስለሚሠራ እንቅልፋቸው ቀላል ለሆነ ጥንዶች ይሻላል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይወጣል። ልብ ይበሉ፦ ሁለታችሁም ተጋደሙና አንዳችሁ ይገላበጥ። ሱቅ ውስጥ ማፈር አያስፈልግም።

• የስፕሪንጉን ብዛት ብቻ አይስሙ፤ «ሽቦው ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ይበሉ። የተያያዘው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ሽቦ ይሠራል። ብዛቱን ማወዳደር የሚቻለው በእኩል ስፋት ፍራሾች መካከል ብቻ ነው።

• ከስፕሪንጉ በላይ ምን አለ? በሽቦውና በጎንዎ መካከል ጠጠር ያለ ንጣፍ፣ ከዚያም በቂ ስፖንጅ መኖር አለበት። በመዳፍዎ ጫን ብለው ሲያሹት የሽቦው ክብ ከተሰማዎ ከዓመት በኋላ በጎንዎ ይሰማዎታል። ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፤ ከተንሸራተቱ ዳሩ ደካማ ነው። ጆሮዎንም ይጣሉ፤ ሱቅ ውስጥ የሚያቃጭል ቤት ገብቶ ዝም አይልም።

ስለ ወገብ የሚነገርዎ

• «ኦርቶፔዲክ ነው»፣ «ሜዲካል ነው» ሲባሉ «ማን አረጋገጠው?» ብለው ይጠይቁ። ቃሉን ጨርቅ ላይ መስፋት ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ወገብ ሲታመም «ጠንካራ ላይ ተኛ» ማለት የተለመደ ነው፤ መሬት ላይ የሚተኛም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስፔን ጥናት ግን ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ለ90 ቀናት ተከታትሎ፣ ከጠንካራው ይልቅ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ሕመምን በተሻለ እንዳስታገሠ አሳይቷል። ስለዚህ የሚፈልጉት መካከለኛ ነው፤ ከስፖንጅም ከስፕሪንግም ይገኛል።

• በጀርባዎ ተንጋለው እጅዎን በወገብዎ ሥር ያሾልኩ። ያለ ምንም ችግር ከወዲያ ወዲህ ካለፈ ፍራሹ ይደርቅብዎታል፤ ጨርሶ ካልገባ ሰምጠዋል። ከዚያ በሚተኙበት ጎን ተኝተው አሥር ደቂቃ ይቆዩ። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻው ትንሽ መስመጥ አለበት።

• ታማሚ የሚያስታምሙ ከሆነ ሻጭ አያማክሩ። ዘነበወርቅ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው አለርት ሆስፒታል ነው፤ ለብዙ ዘመን በሥጋ ደዌ ሕክምና ይታወቃል። በሽታው ነርቭ ሲጎዳ ሕመም ማሰማት ስለሚያቆም ቁስል ሳይታወቅ ይጀምራል። ስሜቱ የደከመ ወይም ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው ቤት ካለዎ ስለ ፍራሹ ነርሷን ወይም ሐኪሙን ይጠይቁ። የትኛውም ውድ ፍራሽ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን አይተካም።

• ለጨቅላ ሕፃን ለስላሳና የሚያሰምጥ ስፖንጅ አይግዙ፤ ይታፈናል። ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ፍራሽ የመከላከያውን እንጨት ከፍታ ይበላዋል።

አሮጌ ወይም «ትንሽ ያገለገለ»

• ስፌቱን፣ ማዕዘኑንና የዚፑን ሥር በስልክዎ መብራት ይመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ የትኋን ምልክት ነው። የእከክ ተባይ ከሰው ርቆ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ትኋን ግን ሳይመገብ ለወራት ይኖራል፣ የስፕሪንግ ፍራሽ ባዶ ሆድም ይመቸዋል። ጨርቁ አዲስ ሆኖ ዋጋው በጣም ከወረደ ጨርቁን ገልጠው ስፖንጁን ይዩ። ቢጫ ሆኖ ከሸተተ አሮጌው ነው ልብስ የቀየረው።

ዋጋው መቼ ያልቃል?

• የተነገረዎት ቫትን ይጨምራል? 20,000 ብር ያሉት 15 በመቶ ሲጨመርበት 23,000 ይሆናል። «ያለ ደረሰኝ ላድርግልዎ» ካሉ ቅናሹ ከኪስዎ ነው የሚወጣው፤ ነገ ለመመለስ ማስረጃ የለዎትም።

• «ነገ ይጨምራል» ቢሉዎ አይደንግጡ። የስፖንጅ ኬሚካል ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ቢናጥ አይገርምም። ግን ዋጋው ሳይጨምር የቆየ ፍራሽ ቢያገኙ ደግሞ ክብደቱ ቀንሶ እንደሆነ ይጠርጥሩ። ሚዛኑ እዚህም ይጠቅማል።

• ማጓጓዣው የማን ነው? «እናደርሳለን» ማለት እስከ ሰፈር ነው፣ እስከ በር ነው ወይስ እስከ አራተኛ ፎቅ? የጫኝና አውራጁን ክፍያ ማን ይከፍላል? ቁርጡን ሳይለዩ መኪናው ከቆመ የመደራደር ዐቅም ከእርስዎ ጋር አይደለም።

• በዱቤ ከሆነ የሁሉንም ወር ክፍያ ደምረው ከእጅ በእጅ ዋጋው ጋር ያስተያዩት። እቁብዎ የሚወጣው በቅርቡ ከሆነ መጠበቅ ሊረክስ ይችላል።

• «የ10 ዓመት ዋስትና» የማን ዋስትና ነው፣ የሱቁ ወይስ የፋብሪካው? ስንት ሴንቲ ሜትር ሲሰምጥ ነው የሚለውጡት? ላብ ወይም ሽንት የነካው ይካተታል? መመለሻ ትራንስፖርቱስ? ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ወሬ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለሸማቹ ደረሰኝ የማግኘትና ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስለወጥ መብት ደንግጓል፤ ነገር ግን ጊዜው አጭር ስለሆነ ጉድለት ባዩ ቀን ይሂዱ።

ቤት ከገባ በኋላ

• ፕላስቲኩን ከማንሣትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ሱቅ «ፕላስቲኩ ከተነሣ አይመለስም» ይላል። ውሉን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ልኩን ከነፕላስቲኩ ይለኩ። ከዚያ ግን ያንሡት። «እንዳይቆሽሽ» ብሎ በላስቲክ ላይ መተኛት ላብን አምቆ ፍራሹን ያሻግታል። ሕፃን ካለ የሚታጠብ ውኃ የማያስገባ ልብስ ለብቻው ይግዙ።

• አዲስ ስፖንጅ ይሸታል። አንድ ሁለት ቀን መስኮት ከፍተው ያናፍሱት፤ ፀሐይ ላይ ግን አያውሉት፣ ስፖንጁን ያደርቀዋል።

• በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ ያዙሩ። የገዙበትን ቀን በጨርቁ ጥግ በማይለቅ እስክርቢቶ ይጻፉበት፤ ደረሰኙንም ዛሬውኑ ፎቶ ያንሡት፤ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ ዋስትናው ሳያልቅ ይጠፋል።