ከ«ጌት» ኋላ የምትመጣው ትንሿ ቃል

የእህቴ ልጅ፣ የ«ጌት»ን ፍሬዛል ቨርቦች፣ ማለትም ከኋላው ትንሽ ቃል ስትከተለው ትርጉሙ የሚለወጥባቸውን፣ ከነትርጉማቸው ዘርዝሬ እንድልክልሽ ጠይቀሽኛል። ዝርዝሩን አልልክም፤ ካምፓላ ውስጥ የትኛውም መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ታገኚዋለሽ። ይልቅ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱምን እስኪበትናት ድረስ፣ ሳጃና ሰፈር ከብረታ ብረት ሻጮቹ ጀርባ ማታ ማታ ሳስተምር የታዘብኩትን እጽፍልሻለሁ።

1. መጀመሪያ የትንሿን ቃል ነገር አትፍሪው፤ በአፍ መፍቻሽ ስትጠቀሚበት ኖረሻል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ አንዱ ግን ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ወህኒ። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንደዚያው ናቸው። ይህንን ማንም በሰንጠረዥ አላስጠናሽም፤ ከነሰዉ ከነጉዳዩ እየሰማሽ አደግሽ። የመጽሐፉ ዓረብኛም አለው፦ «ረጊበ ፊ» ሲሉ ፈለገ ማለት ነው፣ «ረጊበ ዐን» ሲሉ ደግሞ ሳይፈልግ ቀረ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ችግሩን ያውቁታል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ከግስ ኋላ የምትመጣ ትንሽ ቃል ነገር እንደሆነ ጽፏል።

2. ትምህርት ቤት ያስተማረሽን እንግሊዝኛ ከሚነገረው ጋር አገናኚው። እኛ የተማርነው «ሰርቫይቭ»፣ «ሪከቨር»፣ «ኢስኬፕ» እያልን ነው፤ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ፣ ደብዳቤ ላይ የሚያምሩ ቃላት። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራሽ ግን «ጌት ባይ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት አዌይ» ይልሻል። አንድ ማታ የስደተኝነት ቃለ መጠይቅ ስንለማመድ አንዱን ልጅ «ሀው ዲድ ዩ ጌት ባይ ኢን ካርቱም?» ብዬ ጠየቅኩት። ኮራ ብሎ «ባይ ባስ፣ ቲቸር» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጥያቄው ግን በምን መጣህ ሳይሆን በምን ኖርክ ነበር፤ ሻይ ሸጠህ፣ ሰው ቤት ሠርተህ፣ ወንድምህ ገንዘብ እየላከልህ? በእውነተኛው ቀን ቢሆን ኖሮ መርማሪው ሌላ መልስ ይጽፍ ነበር፤ ኬዝ ላይ የተጻፈን ነገር ማስተካከል ደግሞ ቀላል አይደለም።

3. በፊደል ተራ አታጥኚ። የመጣሽበትን መንገድ ተከትለሽ አጥኚ። ጎንደር አውቶቡስ ላይ ስትወጪ «ጌት ኦን»፣ መተማ ስትወርጂ «ጌት ኦፍ»። ከዚያ ወዲያ መኪናው አነስተኛ ከሆነ ቃሉ ይለወጣል፤ ታክሲ፣ አምጃድ ወይም ራክሻ ከሆነ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦቭ» ነው። ቆመሽ የምትራመጂበትን፣ አውቶቡስን፣ ባቡርን፣ አውሮፕላንን፣ በ«ኦን» ያዢ። ካርቱም ከገባሽ በኋላ ወባው ሲለቅሽ «ጌት ኦቨር»፣ ከአከራይሽ ጋር መስማማቱ «ጌት ኦን ዊዝ»። ያው «ኦን» ነው፤ አውቶቡስም አከራይም ላይ ይሠራል። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

4. በትንሿ ቃል ላይ ሌላ ትንሽ ቃል ስትደረብ ንቂ። «ጌት ባክ» መመለስ ነው። «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ካሉሽ መልስ እንሰጥሻለን ማለታቸው ነው እንጂ ማንም ቤትሽ ተመልሶ አይመጣም። «ጌት ባክ አት» ከሆነ ግን በቀል ነው። ከሁሉ የምሰጋልሽ በ«ጌት አዌይ» ነው። እሱ ማምለጥ ነው፤ «ዊዝ» ከጨመርሽበት ጥፋት ሠርቶ ሳይቀጣ መቅረት ይሆናል። ታሪክሽን ስትናገሪ «አይ ጋት አዌይ» ብለሽ አቁሚ። (ሳጃና የወህኒ ጠባቂዎች ማለት ነው። እዚያ ሰፈር ተቀምጬ ማምለጥን ማስተማሬ ሁሌም ያስቀኝ ነበር።)

5. እያንዳንዱን ከ«ኢት» ጋር ሸምድጂ። የተወሰደብሽን ፓስፖርት ስታስመልሺ «አይ ጋት ኢት ባክ» ነው፣ «ኢት» መሐል ትገባለች። ሕመሙ ሲሻልሽ ደግሞ «አይ ጋት ኦቨር ኢት»፣ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። የሰዋስው መጽሐፉ ብዙ ገጽ ይጽፍበታል፤ አንቺ ግን ጆሮሽ እስኪለምደው ደጋግመሽ በይው።

6. ስለ ጆሮ ካነሳን፣ አሜሪካኖቹ «ጌት አፕ» አይሉም። «ጌዳፕ»፣ «ጌዶፍ»፣ «ጌዳውት» ነው የሚሉት፤ ፍጥነቱ ውስጥ «ት» ወደ «ድ» ትጠጋለች። የሚያድንሽ ጫናው ያረፈበትን መለየት ነው። «ጌት ባይ» ሲሉ ክብደቱ «ባይ» ላይ ነው። «ባይ ባስ» ሲሉ «ባይ» ቀልላ ታልፍና «ባስ» ትከብዳለች። ያ ልጅ ይህንን ቢያውቅ አይሳሳትም ነበር። ራዲዮ ስትሰሚ ትርጉም አትፈልጊ፤ መጀመሪያ የቱ ቃል እንደከበደ ብቻ አዳምጪ።

7. ማመልከቻ ስትጽፊ ግን ትምህርት ቤት የተማርሻቸውን ረጃጅሞቹን ተጠቀሚ። ለደብዳቤ እነሱ ይሻላሉ።

እስከ ሳምንት በ«ጌት» አምስት ዓረፍተ ነገር ሠርተሽ ላኪልኝ፤ ከመጽሐፍ አይሁን፣ ካምፓላ ከገባሽ ወዲህ ከሆነብሽ ነገር። ጽፈሽ ሳይሆን በድምፅ ላኪው፣ ጫናውን መስማት እፈልጋለሁ።